የጠበበ የሸማ ቀሚስ ጥለቱ ሳይነካ እንዴት ይሰፋል?

ጥያቄ፦ «ከ4 ዓመት በፊት ለመልሴ የተሰፋልኝ የሸማ ቀሚስ ከወለድኩ በኋላ አልዘጋ አለኝ። ዚፑ ከጀርባ ነው፤ ደረቴ ላይ 6 ሴ.ሜ.፣ ወገቤ ላይ 4 ሴ.ሜ. ይቀረዋል። ከዳሌ በታች ሰፊ ስለሆነ ችግር የለውም። እጅጌው ግን ብብቴ ሥር ይይዘኛል። አብሮት የተሠራ ነጠላ አለኝ። የምኖረው ጀርመን ነው፤ እዚህ ያገኘኋት ልብስ ሰፊ የፊቱን ጥለት መሃል ለመሃል ቀዳ ጨርቅ ላስገባበት ስትለኝ ደንግጬ ይዤው ተመለስኩ። ቀጥ ያለ ስፌትና ዚግዛግ የሚሠራ የቤት መኪና አለኝ። ራሴ ሠርቼው ለጥምቀት ልለብሰው እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ። ይዘሽው መመለስሽም ደግ አደረግሽ። ጥለት አንዴ ከተቆረጠ እንደነበረ የሚመልሰው ሰው የለም። ለማስፋት የሚያስፈልግሽ ቦታ ሁሉ ከጎንና ከብብት ሥር ስላለ ፊት ለፊቱን ጨርሶ አትነኪውም። ነጠላው መኖሩ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው፤ በክሩም በአሸማመኑም ከቀሚሱ ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ ሌላ ቦታ ፈልገሽ ማግኘት ይከብድሻል።

መቀስ ከማንሳትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጡት እያጠባሽ ነው? እያጠባሽ ከሆነ የደረትሽ ልክ ገና ይለዋወጣል፤ ዛሬ የለካሽው ከጥቂት ወራት በኋላ ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ነጠላውን አትቁረጪ። ለዘንድሮው ጥምቀት ዚፑን ፈትተሽ አውጪውና በሁለቱም ጠርዝ ላይ በየ3 ሴ.ሜ. ትናንሽ የጥብጣብ ቀለበቶች ስፊ። ከኋላቸው 14 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ነጭ ጨርቅ በአንድ ጎኑ ብቻ ስፊና፣ ቀለበቶቹን እንደ ጫማ ማሰሪያ በገመድ ሳቢያቸው። ነጠላ ሲደረብበት ጀርባው አይታይም፤ ሰውነትሽ ሲረጋ ደግሞ ፈትተሽ ዚፑን ትመልሽዋለሽ። ማጥባት አቁመሽ ከሆነ ወይም ልክሽ ከረጋ ቆይቶ ከሆነ ወደ ዋናው ሥራ እንግባ።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናስተካክል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዚፑ 6 ሴ.ሜ. ስለቀረው 6 ሴ.ሜ. ብትጨምሪ ቀሚሱ ይዘጋል፤ ነገር ግን ቆዳሽ ላይ ተለጥፎ ይዘጋል። ተንፍሰሽ፣ ተቀምጠሽ፣ እጅሽን አንስተሽ የምትለብሽው ልብስ ከሰውነት ልክ በላይ ትርፍ ይፈልጋል። ሸማ በራሱ አይለጠጥም፤ በኃይል ሲሳብ የሚሰጠው ክሮቹ ከቦታቸው እየሸሹ ነው። ስለዚህ ስፌቱ ባይቀደድም እንኳ ከስፌቱ ጎን ጨርቁ እየሳሳ እንደ ወንፊት ይሆናል። ደረት ላይ 6፣ ወገብ ላይ 4 ሴ.ሜ. የመንቀሳቀሻ ትርፍ ያዢ። ለምሳሌ የደረትሽ ዙሪያ 100 ከሆነ ያለቀለት ቀሚስ 106 መሆን አለበት። ቀሚሱ አሁን 94 ስለሆነ የሚጎድለው 12 እንጂ 6 አይደለም። ወገብሽ 84 ከሆነ 88 ያስፈልጋል፤ ያለው 80 ነውና 8 ይጎድላል። ይህን ለሁለት ጎን ስታካፍይው ከእያንዳንዱ ብብት ሥር 6፣ ወገብ ላይ 4 ሴ.ሜ. ይሆናል። ስትለኪ ለበዓሉ የምትለብሽውን ጡት መያዣ አድርጊ፤ ሜትሩን አታጥብቂ፤ ክንድሽንም ከብብት ዝቅ ብለሽ ለኪ፤ እጅጌው ከክንድሽ ዙሪያ 5 ሴ.ሜ. ያህል መብለጥ አለበት።

አሁን ቀሚሱን ገልብጪና ገበሩን ከታች በኩል አንስተሽ የጎኑን ስፌት እይ። ከስፌቱ ውጪ የተረፈው ጨርቅ ስንት ነው? 2.5 ሴ.ሜ. ቢሆን፣ ሸማ ስለሚፈታ ቢያንስ 1 ሴ.ሜ. ማስቀረት ግድ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጠርዝ 1.5 ታገኛለሽ። በሁለት ጎን አራት ጠርዝ ስላለ በድምሩ 6 ሴ.ሜ. ይሆናል። ለ12 አይበቃም። የሚጎድለው 5 ወይም 6 ሴ.ሜ. ብቻ ለሆነ ሰው ይህ መንገድ ይበቃዋል፤ ላንቺ ግን ትርፉን እንዳትነኪው እመክርሻለሁ። ቁራጭ አስገብተሽ በድሮው የስፌት መስመር ላይ ስትሰፊ ሁለት ነገር ታተርፊያለሽ። የድሮው መርፌ ቀዳዳና ለዓመታት የተጠራቀመው የስፌት እድፍ ከአዲሱ ስፌት ሥር ይደበቃል፤ ትርፉም ምናልባት ለሚቀጥለው ልጅ እዚያው ይቆይልሻል።

ነጠላውን ወደ መቁረጥ ከመሄድሽ በፊት ከቀሚሱ ጋር አንድ ላይ እጠቢው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይሰበሰባል። ቀሚሱ ታጥቦ ነጠላው ሳይታጠብ ከቆየ፣ ያስገባሽው ቁራጭ ከሰፋሽው በኋላ አጥሮ ጎኑን ወደ ላይ ይሸበሽበዋል። ይህ ከተከሰተ ፈትቶ እንደገና ከመስፋት ሌላ መድኃኒት የለውም። መጀመሪያ ግን የጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ አረጋግጪ፤ ነጭ ጨርቅ አርሰሽ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኚው። ቀለም ካነሳ ጥለቱን ውኃ ሳታስነኪ ነጩን ክፍል ብቻ እርጥብ ፎጣ አልብሰሽ አርጥቢውና ይድረቅ። ካላነሳ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና 30 ደቂቃ ዘፍዝፊያቸው። በረኪና አታስጠጊ፤ ጥጡን ያሳሳዋል፤ የጥለቱንም ቀለም ያጠፋዋል። ከታጠቡም በኋላ ነጩ ትንሽ ቢለያይ አትጨነቂ፤ ቁራጩ የሚገባው ክንድ ጥላ በሚጥልበት ቦታ ነው።

የምታስገቢው ቁራጭ እንደ ቅጠል መሃሉ ሰፍቶ ሁለት ጫፉ የሾለ አንድ ረዥም ጨርቅ ነው። አንዱ ጫፉ ወደ ቀሚሱ ጎን፣ ሌላው ወደ እጅጌው ሥር ይሄዳል፤ ሰፊው ቦታ ብብት ላይ ይውላል። ለብቻው የጎን ቁራጭ፣ ለብቻው የብብት ቁራጭ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አንድ ወጥ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚጎተተው ብብት ላይ የስፌት መገጣጠሚያ አይኖርም። ጎንን ብቻ አስፍቶ እጅጌን መተው ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቀሚሱ ይዘጋል፣ ክንድ ሲነሳ ግን ቀሚሱ ሙሉ በሙሉ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል።

ልኩ እንዲህ ነው። ብብት ላይ ያለቀለት ስፋት 6 ሴ.ሜ.፤ በሁለቱም በኩል 1.5 የስፌት ትርፍ ሲጨመር ሲቆረጥ 9 ሴ.ሜ. ይሆናል። ወገብ ላይ 4 ሲደመር 3፣ ማለትም 7 ሴ.ሜ.። ከወገብ በታች በ30 ሴ.ሜ. ውስጥ እየጠበበ ሄዶ ያልቃል፤ ወደ እጅጌው ደግሞ በ25 ሴ.ሜ. ውስጥ። እነዚህን ርዝመቶች አታሳጥሪ። ቁራጩ በ10 ሴ.ሜ. ውስጥ ከጠበበ ጫፉ ላይ ጨርቁ እንደ ከረጢት ይነፋል፤ በካውያም አይስተካከልም። ከብብት እስከ ወገብ 20 ሴ.ሜ. ብለን ብንይዝ አንዱ ቁራጭ 75፣ ከጫፍ ትርፍ ጋር 80 ሴ.ሜ. ነው። ሁለቱ 160 ይሆናሉ። የቀሚሱ የታች ጥለት ከዚህ በብዙ ዝቅ ስለሚል ቁራጩ አይደርስበትም።

ነጠላው ላይ በሁለቱ ጥለቶች መካከል ያለው ርዝመት 160 ከሞላ ሁለቱም ቁራጮች ከአንድ ጎን ይወጣሉ፤ ካልሞላ ከሁለቱም ጎን አንዳንድ አውጪ። ሁልጊዜ በርዝመቱ፣ በድሩ አቅጣጫ ነው የሚቆረጠው። በስፋቱ ከቆረጥሽው ቁራጩ ከቀሚሱ በተለየ መንገድ ይረግባል። ነጠላው ቅርጹ እንዳይበላሽ በርዝመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ጨርቅ ቁረጪ፤ በኋላ ቅጠሉን ከዚያ ታወጫለሽ። መስመሩን በማስመሪያ አታስምሪ፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ መስመሩ ትንሽ ይወላገዳል። ከዳሩ 10 ሴ.ሜ. ለክተሽ አንድ የድር ክር በመርፌ ጫፍ ያዢና ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ ክሩ ሲወጣ የሚተወው ስስ መስመር ትክክለኛው መቁረጫ ነው። ቢበጠስብሽ ከተበጠሰበት ፈልገሽ ቀጥይ። ጥለቱ ያለበት ቦታ ስትደርሽ ከመቁረጥሽ በፊት ከመስመሩ ግራና ቀኝ በጠባብ ዚግዛግ ስፊበት፤ ጥለቱን የሚሠራው ክር በድሩ መካከል የተጠለፈ ስለሆነ ያለዚህ ሲቆረጥ ይበተናል። ከነጠላው ጫፍ የሚወጡትን ሁለት የጥለት ቁራጮች አትጣያቸው። የነጠላውን የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ በቀጭኑ ሁለት ጊዜ አጥፈሽ በእጅ ስፌት ዝጊው።

የጎኑን ስፌት ስትፈቺ ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዘሽ አትገንጥዪው። በየ4ኛው ወይም 5ኛው ስፌት ክሩን በትንሽ መቀስ በጥሺና የሌላኛውን ፊት ክር ሳቢው፤ ሙሉው ይወጣል። መጀመሪያ ግን የድሮውን የስፌት መስመር በባለ ቀለም ክር በረዥም የእጅ ስፌት በሁለቱም ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ከፈታሽው በኋላ መስመሩ ለዓይን ይጠፋል። በእስክሪብቶ አታስምሪ፤ የደረቀ ሳሙና ስባሪ ይበቃል። የምትፈቺው ከእጅጌው 25 ሴ.ሜ. ጀምሮ በብብት አልፎ ከወገብ በታች 30 ሴ.ሜ. ድረስ ነው። እጅጌውን ከአካሉ ጋር ያገናኘውን ዙሪያ ስፌት አትፍቺው፤ ብብት ላይ የተቆረጠውን ጫፉን ብቻ በጥቂት የእጅ ስፌት አስረሽ እንዳይፈታ አድርጊ። የተከፈቱትን ጠርዞች በሙሉ ወዲያውኑ በዚግዛግ ስፊያቸው፤ ስፋቱ 3 ሚ.ሜ.፣ እርምጃው (የአንዱ ስፌት ርዝመት) 2 ሚ.ሜ. ይሁን። ይህን ለነገ አትበይ። ክፍት ያደረ የሸማ ጠርዝ በነካሽው ቁጥር አንድ አንድ ክር እየጣለ በማግስቱ የስፌት ትርፍሽን በልቶት ታገኚዋለሽ።

ብብት ላይ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቀጥ ያለው የቁራጩ ጠርዝ ደግሞ ከዚህ ማዕዘን ጋር መገጠም አለበት። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በአራቱም ማዕዘን፣ ማለትም በግራና በቀኝ ከፊትና ከኋላ፣ ከጨርቁ ጀርባ 4 በ4 ሴ.ሜ. የሆነ የገበር ቁራጭ አስደግፊና በድሮው የስፌት መስመር ላይ ከማዕዘኑ ወዲያና ወዲህ 3 ሴ.ሜ. ያህል በ1.5 ሚ.ሜ. እርምጃ ስፊ። ከዚያ በመቀስ ጫፍ ከጠርዙ ወደ ስፌቱ ሰንጥቂ፤ ስፌቱ 2 ሚ.ሜ. ሲቀርሽ አቁሚ። ካልሰነጠቅሽ ማዕዘኑ ላይ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ስፌቱን ካለፍሽ ደግሞ ጠቅላላ ሥራው ይበላሻል። ማዕዘኑ ሹል ሳይሆን ክብ ሆኖ ከተቆረጠ ከአንድ ትልቅ ስንጥቅ ይልቅ በየ1 ሴ.ሜ. ሦስት ትናንሽ ይሻላል።

አሁን ቁራጩን ከ10 ሴ.ሜ. ጨርቁ ላይ በልኩ በቅጠል ቅርጽ ቆርጠሽ ግጠሚ። የብብቱን መሃል ከቁራጩ ሰፊ ቦታ ጋር በስፒል ያዢ፤ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች፣ በመጨረሻ መካከሉን በየ3 ወይም 4 ሴ.ሜ.። በመኪና ከመስፋትሽ በፊት በእጅ ሽልል አድርጊና፣ ማለትም ለጊዜው በረዥም ስፌት ያዢውና፣ ልበሽው። ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ግን መኪና የሰፋውን ሸማ ደጋግሞ መፍታት ጨርቁን ይጎዳል። ለብሰሽ ዚፑን ዝጊ፣ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በይ፣ ትከሻሽንም እንደ እስክስታ ነቅንቂው፤ ይህ የበዓል ልብስ ነው፣ መጨፈርሽ አይቀርም። ብብት ሥር ጨርቅ ከተከመረ ቁራጩ በዝቷል፤ ከየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀንሺ። ከደረት ወደ ብብት የሚጎትት መስመር ከታየ አንሷል። ያስቀመጥነው 1.5 ትርፍ እዚህ ላይ ይደርስልሻል፤ እስከ 1 ድረስ ልትለቂው ትችያለሽ።

ለመኪናው አዲስ 80 ቁጥር መርፌ ግጠሚ፤ ጥለትና ብዙ ድርብ የሚያልፍበት ቦታ ካለ 90። የደነዘ መርፌ የሸማውን ክር ከመውጋት ይልቅ ይስበዋል። ክሩ ቀጭን ፖሊስተር ይሁን፤ ቀለሙን ጨርቁ ላይ አንድ ክር ዘርግተሽ ምረጪ፤ ሸማ አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት ነጭ ይልቅ ወደ ወተት ያደላል። የስፌቱ እርምጃ 2.5 ሚ.ሜ.። ሲጀመር መኪናው ሳሳ ያለውን ጨርቅ ወደ ታች ቀዳዳው እየጎተተ ይውጠዋል፤ ከጨርቁ ሥር ስስ ነጭ ወረቀት አድርጊና ሁለቱን ክሮች ወደ ኋላ ይዘሽ ጀምሪ፤ ወረቀቱ በኋላ ተቀድዶ ይወጣል። ጋዜጣ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ይቀራል። ሁልጊዜ ከብብት ጀምረሽ ወደ ቀሚሱ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ከብብት ወደ እጅጌው ስፊ። መኪና የላይኛውን ጨርቅ ትንሽ ወደ ፊት ስለሚገፋ የሚፈጠረው ልዩነት በጠባቡ ጫፍ ላይ ይውላል እንጂ ብብትና ወገብ ላይ አይታይም። ስፌቱ ሲያልቅ ትርፉን ወደ ቀሚሱ አካል አጥፈሽ ተኩሺ።

ስለ ካውያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥጡ ሙቀት ይችላል፤ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ይጨማደዳል፣ ይቀልጣል። ጥለት አጠገብ ስትደርሽ ሙቀቱን ቀንሺ፣ በጀርባው በኩል፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት ተኩሺ።

ገበሩን አትርሺው። ሸማው ሰፍቶ ገበሩ እንደ ድሮው ከቀረ ቀሚሱ በፍጹም አይዘጋም፤ ቢዘጋም በመጀመሪያው መቀመጥ ገበሩ ከጎን ይቀደዳል። ተመሳሳይ ቁራጭ ከማንኛውም ነጭ የገበር ጨርቅ ቁረጪ፤ ነገር ግን ገበር ከሸማው የበለጠ ልቅ መሆን ስላለበት ብብትና ወገብ ላይ 1 ሴ.ሜ. ጨምሪለት። እጅጌው ገበር ከሌለው ቁራጩ ብብት ላይ ይቁም፤ ጠርዙን አጥፈሽ በእጅ ስፊው።

ቀሚስሽ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ጥለት ያለው ከሆነ ነጩ ቁራጭ ጥለቱን ጎኑ ላይ ያቋርጠዋል። ያስቀመጥናቸው ሁለቱ የጥለት ቁራጮች ለዚህ ናቸው። ከጥለቱ ቁመት ጋር የሚመጣጠነውን ክፍል ቁረጪ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፊና ቁራጩ ላይ በእጅ ለጥፈሽ ስፊው። የነጠላው ጥለት ከወገቡ ጠባብ ከሆነ መሃሉን ከመሃሉ አገናኚ፤ መቀነት ሲታሰርበት ልዩነቱን ማንም አያየውም።

ዚፑ ሲወጠር ስለቆየ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ አሥር ጊዜ ያህል ከፍተሽ ዝጊው። ጥርሱ መሃል ላይ የሚከፈት ከሆነ ለውጪው። የማይታየውን ዓይነት ዚፕ ለሸማ አልመክርም፤ ለስላሳው ጠርዝ እየገባበት ይነክሰዋል።

የታችኛውን እጥፋት እስከ መጨረሻው አትንኪው። አሁን ከፊት አጥሮ የሚታይሽ ደረቱ ወደ ላይ ስለሚጎትተው ነው፤ ጎኑ ሲሰፋ ራሱ ይወርዳል። ለብሰሽው፣ ጫማሽንም አድርገሽ፣ ሰው ከጀርባ እንዲያይልሽ ካደረግሽ በኋላ ብቻ ስለ ርዝመቱ ወስኚ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ለማጠብና ለማድረቅ፣ አንድ ሙሉ ቀን ለመፍታት፣ ለመቁረጥና ሽልል ለማድረግ፣ አንድ ከሰዓት ለመስፋት ያዢ። ልጅ እያሳደጉ ይህ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የገና በዓል ከማለፉ በፊት ጀምሪው። ከጥር 11 በኋላ ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ ሳትጠመዝዢ አድርጊና በጥላ ቦታ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ከ10 ሴ.ሜ. ጨርቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ደግሞ ከቀሚሱ ጋር አጥበሽ በገበሩ ውስጥ በአንድ ስፌት አንጠልጥይው፤ አብሮ እያረጀ ስለሚሄድ ወደፊት መጣፊያ ሲያስፈልግሽ ቀለሙ ከቀሚሱ ጋር ይሄዳል።